ሥዕል ያለበት ማራገቢያ

ተማሪዎች ሆይ! በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ቡና በሚፈላበት ቤት ከእሳቱ አጠገብ አንድ ማራገቢያ አይታጣም። ተግባሩ ፍሙን ማቀጣጠል ብቻ ስለ ሆነ ልብ ብሎ የሚመለከተው ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ተራ ዕቃ በልዩ ልዩ አገር የሥዕል ገበታ ሆኖ አገልግሏል።

በአውሮፓ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ወይዛዝርት የሚይዙት ማራገቢያ ከስስ ብራና ወይም ከወረቀት ይሠራ ነበር። ብራናው ተጣጥፎ በዝሆን ጥርስ ወይም በእንጨት ዘንጎች ላይ ይለጠፋል፤ ሲዘረጋ ግማሽ ክብ ይሆናል። በላዩም የግሪክና የሮማ አፈ ታሪክ፣ ለምሳሌ የፍቅር አምላክ ትባል የነበረችው የቬኑስ ታሪክ ይሣልበታል። ለንደን ውስጥ በግሪኒች በ1991 እ.አ.አ. የተከፈተው የማራገቢያ ቤተ መዘክር የዚህ ዐይነት ሥራዎች ይገኙበታል።

በአገራችን ደግሞ መራውሕ የሚባል ማራገቢያ አለ። በጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናት በቅዳሴ ጊዜ ዝንብና ትንኝ ከጽዋው እንዳይገባ በማራገቢያ ይከላከሉ ነበር። በ15ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ረጅም ብራና እንደ ሰንሱል እያጠፉ በየእጥፋቱ የእመቤታችንን፣ የመላእክትንና የቅዱሳንን ሥዕል ሣሉበት። ይህ መራውሕ ሲዘረጋ እንደ መንኰራኵር ሙሉ ክብ ይሆናል። የአውሮፓው ለጌጥና ለጨዋታ ሲያገለግል፣ የእኛው በበዓል ቀን ከሕዝቡ ፊት የሚወጣ ቅዱስ ሥዕል ሆነ። የብራናው አስተጣጠፍ ቢመሳሰልም ሥዕሉ የየሕዝቡን ልብ ይናገራል።

ከእነዚህ መራውሕ አንዱ ዛሬ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን፣ ሌላው በባልቲሞር በዋልተርስ ቤተ መዘክር ይገኛል። አንድ ዕቃ ታሪኩ ሳይጻፍ ከቦታው ከወጣ ሥዕሉ ቢተርፍም የደብሩና የሠዓሊው ስም ይጠፋል። ስለዚህ ዕቃን በጽሑፍ መግለጽ የክፍል ውስጥ ልምምድ ብቻ አይደለም፤ ቅርስን መጠበቅም ነው።

ቢቸና አጠገብ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ከሞጣ ወዲያ ደግሞ እቴጌ እሌኒ ያሳነጿት መርጡለ ማርያም አሉላችሁ። በቤታችሁም ከአያቶቻችሁ የተላለፈ ዕቃ አይጠፋም። ከእነዚህ አንዱን ምረጡ፤ ከምን እንደ ተሠራ፣ እንዴት እንደ ተሠራ፣ ለምን እንደሚያገለግልና ማን እንዳቆየው ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ በቅደም ተከተል ጻፉ። ያላያችሁትንና ያልሰማችሁትን ግን አትጨምሩ።