ወንዙ አፍ ላይ ያለው ሰው ይጠየቅ

ክረምት ሲገባ የጉማራ ወንዝ ደፍርሶ ወደ ጣና ሐይቅ ይወርዳል። በዚያው ሰሞን ብዙ ነጭ ዓሣ ከሐይቁ ወጥቶ ሽቅብ ይጓዛል፤ እንቁላሉን የሚጥለው ወንዝ ውስጥ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ መንጋው ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከሐይቁ ጋር በሚገናኙበት አፍ ይከማቻል። መረቡም የሚጠብቀው እዚያው ነው። ሽቅብ ወጣ ሲሉ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃ የሚመርዙ አሉ።

ነጭ ዓሣ አንድ ዘር አይደለም። ከ15 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም ከጣና ሌላ አገር የላቸውም። ድሮ ዓሣው የሚሰገረው በደንገል ታንኳ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በሆላንድ ረድኤት ድርጅቶችና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በኩል የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት አሥር ዓመታት የነጭ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱን ተመራማሪዎች አረጋገጡ።

ሕግ አልጠፋም። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱ አዋጅ አለው። ነገር ግን ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የትኛውም ቢሮ በጥቂት ጀልባ አይጠብቀውም። ሌሊት ማን መረብ እንደጣለ የሚያውቀው ጎረቤቱ አስጋሪ ነው። እሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራው ስለ ዓሣው የሚወሰነው ካለቀ በኋላ፣ «ግንዛቤ» እንዲጨብጥ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀው የአነስተኛ አስጋሪዎች መመሪያ ግን ከውሳኔ በፊት ይጠየቁ ይላል።

የትኛው አስጋሪ? ማኅበር የገባውና ሞተር ያለው ለስብሰባ ቅርብ ነው። ከቅድመ አያቱ ጀምሮ በታንኳ ሐይቁ ላይ የኖረው የነገደ ወይጦ ሰው፣ የከተማ መስፋፋት ከዳርቻው እየገፋው፣ ድምፁ አይሰማም። በክረምት ከእርሻው ጎን ወንዝ ላይ መረብ የሚጥለው የፎገራ ገበሬማ አስጋሪ ተብሎም አይቆጠርም። ዓሣው የሚያልፈው ግን በእሱ ደጅ ነው። እሱ ያልተስማማበት የማስገር ክልከላ ወረቀት ላይ ይቀራል። ደግሞስ መረብህን አንሣ የተባለ አባወራ ዓሣው እንቁላል በሚጥልባቸው ወራት ልጆቹን ምን ያበላል? ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ወንዝ ለአስጋሪ አይዘጋም።

እምቦጭ የተባለው አረም ጣናን ሲወርር ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለው የዳርቻው ሕዝብ ነበር። ለጉልበት የተጠራ ለምክርም ይጠራ። የክልሉ ሹማምንት ሆይ፣ ከመጪው ክረምት በፊት ጉማራ አፍ ወርዳችሁ ከነዋሪው ጋር ተቀመጡ፤ ወንዙ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚዘጋ፣ ማን እንደሚጠብቀው፣ ያንን ጊዜ ምን ተበልቶ እንደሚታለፍ አብራችሁ ወስኑ።