የውሃ ማቀዝቀዣው ሙቀቱን የት ያደርሰዋል?

ከጅቡቲው ናጋድ ጣቢያ ተሳፍሮ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ፉሪ ለቡ የሚወርድ የባቡር መንገደኛ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2200 ሜትር በላይ ይወጣል። ሻንጣውን ይዞ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ቢያጥረው አያስገርምም፤ አንድ ጊዜ ሲተነፍስ የሚስበው አየር ወደብ ላይ ሆኖ ከሚስበው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀልላል። ይህ ልዩነት የሚመለከተው ሳንባን ብቻ አይደለም። ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ፋን እዚያም እዚህም በደቂቃ 1500 ጊዜ ቢዞር፣ ለቡ ላይ የሚገፋው አየር ስስ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ አየሩ እንጂ የፋኑ ጩኸት አይደለም።

ጀሞ ወይም ጎፋ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አዲስ ኮምፒውተር ለመገጣጠም ዕቃ የሚያሰባስብ ወጣት ግን ስለ ከፍታ ብዙም አይጨነቅም። ቪዲዮ ያቀናብር፣ የሕንፃ ንድፍ ሬንደር ያድርግ ወይም ጌም ይጫወት፣ ዓይኑ የሚያርፈው የመስታወት ኬዝ፣ ባለቀለም መብራትና የውሃ ማቀዝቀዣ ላይ ነው። ድሮ እንደ ዋዛ ሊታለፍ ይችል የነበረው ምርጫ ዛሬ ኪስ ይጎዳል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ማዘርቦርዱም ፋኑም ራዲያተሩም የሚገዙት በዶላር ነው።

የውሃ ማቀዝቀዣ አሠራሩ ለሹፌር እንግዳ አይሆንም፤ ከመኪና ራዲያተር ጋር አንድ ነው። ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ) ላይ የመዳብ ሳህን ይቀመጣል። ፓምፕ ፈሳሹን በሳህኑ ላይ አሳልፎ፣ በሁለት ቱቦዎች ወደ ራዲያተሩ ያመላልሰዋል። ፋኖች ራዲያተሩ ላይ አየር ይነፋሉ። ፈሳሹ ሙቀቱን አያጠፋውም፤ ከጠባብ ቦታ አንስቶ ሰፊ ቦታ ላይ ይዘረጋዋል እንጂ። መጨረሻ ላይ ሙቀቱን የሚረከበው ያው አየር ነው። ስለዚህ «ውሃ ከገዛሁ የከፍታ ነገር አያሳስበኝም» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ አይቷል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲስተም/360 ሞዴል 91 የተባለውን ግዙፍ ኮምፒውተሩን በውሃ ያቀዘቅዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ-2 ከነሰርኪዩቱ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተዘፍቆ ይሠራ ነበር። አፕል በ2004 ፓወር ማክ ጂ5 ላይ ሞክሮት፣ አንዳንዶቹ ማሽኖች ፈሳሽ እያንጠባጠቡ ባለቤቶቻቸውን አስለቅሰዋል። ተራው ተጠቃሚ ቤት በስፋት የገባው ፋብሪካ ውስጥ ተሞልቶና ታሽጎ የሚመጣው ዓይነት ነው፤ የዴንማርኩ አሴቴክ ሠርቶት በ2009 በኮርሴር ስም የተሸጠው ኤች50 መንገዱን ከጠረጉት አንዱ ነበር።

ከፍታው ምን ያህል ይጎዳል? የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር አሽሬ ለዳታ ሴንተሮች ባወጣው መመሪያ ላይ መልስ የሚሆን ስሌት አለ። ለተለመዱት የሰርቨር ምድቦች፣ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቀደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀነሳል። 2300 ሜትር ላይ ቅናሹ ወደ 5 ዲግሪ ይጠጋል። ባሕር ጠለል ላይ 35 ዲግሪ የተፈቀደለት ማሽን ሳሪስ ላይ 30 ብቻ ይፈቀድለታል ማለት ነው።

ደግነቱ አዲስ አበባ የወሰደችውን መልሳ ትከፍላለች። የቀኑ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ውስጥ ሲሆን፣ ጅቡቲ በበጋዋ 40 ታልፋለች። አየሩ ስስ ቢሆንም ቀዝቃዛ ነው። ሒሳቡ የሚበላሸው ኮምፒውተሩ መጋረጃ በተጋረደባት ጠባብ ክፍል፣ ጠረጴዛ ሥር ግድግዳ ተደግፎ ሲቀመጥ ነው፤ ያኔ የከተማዋ ቅዝቃዜ ኬዙ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ መፍላቱ ግን የሚያሰጋ አይደለም። ሲፒዩው ራሱ 90 ቢደርስም ቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከዚያ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ አምራቾችም ከ60 ዲግሪ እንዳያልፍ ነው የሚመክሩት።

ወደ ምርጫው ሲመጣ መነሻው ዋት ነው። የኤኤምዲው ራይዘን 5 7600 ቢበዛ 88 ዋት ይወስዳል፤ ሣጥኑ ውስጥ አብሮት የሚመጣው ማቀዝቀዣ ይበቃዋል። ለእንዲህ ያለ ሲፒዩ ውሃ የሚገዛ ሰው የገዛው መብራት ነው፤ መብራት መውደድ ደግሞ ነውር አይደለም፣ ዋጋውን ካወቁ። በሌላው ጫፍ ኢንቴል ኮር አይ9-14900ኬ እስከ 253 ዋት፣ ራይዘን 9 7950ኤክስ እስከ 230 ዋት ይስባሉ። እነዚህ ለሰዓታት ሬንደር የሚያደርጉ ከሆነ ባለ 360 ሚሊ ሜትር ራዲያተር ምክንያት አለው።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው መሐል ላይ ነው። ባለ 120 ሚሊ ሜትር የውሃ ማቀዝቀዣ ለመደበኛ ኬዝ ፈጽሞ አይመከርም፤ በብረትና በፋን ብቻ የሚሠራ ደህና የአየር ማቀዝቀዣ በግማሽ ዋጋ ይበልጠዋል። ባለ 240ውም ቢሆን እንደ ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ ካሉ ባለሁለት ማማ የአየር ማቀዝቀዣዎች የሚለየው በጥቂት ዲግሪ ነው፤ ተርማልራይቱ ደግሞ ውጭ አገር 35 ዶላር ገደማ ይሸጣል። ውሃ መግዛቱ ከተቆረጠ፣ በዚህ ከፍታ ላይ ብሩ መዋል ያለበት ለስፋት ነው። ባለ 360ው ከባለ 240ው በግማሽ የሚበልጥ ገጽ ስላለው የአየሩን መሳሳት ያካክሳል፤ ፓምፑ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ስክሪን ግን አንድ ዲግሪ አትቀንስም።

ኤኤምዲ አብዛኞቹን የራይዘን 7000 ሲፒዩዎች እስከ 95 ዲግሪ ያለ ችግር እንዲሠሩ አድርጎ እንደነደፋቸው ማወቅም ይጠቅማል። ከባድ ሥራ ላይ 90 አይቶ ደንግጦ ሌላ ማቀዝቀዣ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ያልታመመ እያሳከመ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ጉዳይ ጥገና ነው፤ እዚህ ላይ ውሃ ይሸነፋል። የአየር ማቀዝቀዣ ፋን ቢሞት ሌላ 120 ሚሊ ሜትር ፋን ፈልጎ መግጠም ይቻላል፤ ብረቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የታሸገ የውሃ ማቀዝቀዣ ፓምፕ ቢሞት ግን ሁሉም ነገር ከነራዲያተሩ ይጣላል። ሣጥኑ ላይ የ5 ወይም የ6 ዓመት ዋስትና ሊጻፍ ይችላል፤ ዘመድ ከዱባይ በሻንጣ ይዞት ለመጣ ዕቃ ያ ጽሑፍ ምን እንደሚፈይድ ገዢው ያውቀዋል። አርክቲክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 አንዳንድ ሊኩዊድ ፍሪዘር 2 ማቀዝቀዣዎቹ ላይ የማሸጊያ ጎማ ጉድለት አግኝቶ ለደንበኞቹ መለወጫ ዕቃ አቅርቧል። ጥሩ ስም ያለው አምራችም ይሳሳታል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ስህተቱን ማረሙ ላይ ነው። ያገለገለ የውሃ ማቀዝቀዣ መግዛት ደግሞ ጨርሶ አያዋጣም። ፈሳሹ በቱቦው ጎማ በኩል በዓመታት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይተንናል፤ ምን ያህል እንደቀረ ከውጭ አይታይም።

ከመግዛት በፊት ሜትር ማውጣት ያስፈልጋል። ባለ 360 ራዲያተር ርዝመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ውፍረቱ በተለምዶ 27 ሚሊ ሜትር ሲሆን የፋኑ 25 ሲደመር 52 ይሆናል፤ አርክቲክ ሊኩዊድ ፍሪዘር 3 ደግሞ ራዲያተሩ ብቻውን 38 ስለሆነ ድምሩ 63 ነው። ኬዙ ጣሪያ ሥር ይህ ቦታ ከሌለ ራዲያተሩ ከራሙ ጋር ይጋጫል። ሶኬቱም ይታያል፦ የኤኤምዲ ኤኤም4 ማቀዝቀዣ በማዘርቦርዱ የጀርባ ሳህን የሚታሰር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኤኤም5 ላይ ይገባል፤ የኢንቴል ኤልጂኤ 1700 ቀዳዳዎች ግን በ78 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ስለሆኑ 75 ለነበረው ለቀድሞው ሶኬት የተሠራ ማሰሪያ አይሆናቸውም።

ገጠማው ላይ የመጀመሪያው ወጥመድ የመዳቡ ሳህን ላይ የተለጠፈው ላስቲክ ነው። ሳይላጥ የተገጠመበት ኮምፒውተር በየአገሩ አለ። ተርማል ፔስቱ ቀድሞ ካልተቀባ፣ ሲፒዩው መሐል አተር የምታህል ጠብታ ትበቃለች። ብሎኖቹ በሰያፍ፣ ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠብቃሉ፤ አንዱን ወገን እስከ መጨረሻ ማጥበቅ ሳህኑን ያጣምመዋል።

ራዲያተሩ የት ይሁን የሚለው ብዙ ያከራክራል። ጌመርስ ኔክሰስ የተባለው የሃርድዌር መሞከሪያ ቻናል እ.ኤ.አ. በ2020 ጉዳዩን በሰፊው ካስረዳ ወዲህ ግን መሠረታዊው ነገር ግልጽ ነው። የታሸገው ሥርዓት ውስጥ ጥቂት አየር ምንጊዜም አለ፤ አየሩም ከፍ ወዳለው ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ የራዲያተሩ አናት ከፓምፑ በላይ መሆን አለበት። ራዲያተሩ ኬዙ ጣሪያ ላይ ከሆነ ነገሩ አበቃ። ፊት ለፊት ከሆነም ጫፉ ፓምፑን እስካለፈ ድረስ ይሠራል፤ ቱቦዎቹ በታች በኩል ቢወጡ ይመረጣል። ኬዙ ወለል ላይ ከተገጠመ ግን አየሩ ፓምፑ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ፓምፑ መንጎራጎር ይጀምራል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

የፓምፑ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ፓምፕ ተብሎ በተሰየመው ቦታ ይሰካና ባዮስ ውስጥ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት እንዲሠራ ይደረጋል፤ የራዲያተሩ ፋኖች የሲፒዩ ፋን በተባለው ላይ ይሰካሉ። እሱ ባዶ ከሆነ ብዙ ማዘርቦርዶች ሲነሱ የፋን ስህተት አለ ብለው ይቆማሉ። ዊንዶውስ ከመጫኑ በፊት ባዮስ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሙቀቱን ማየት ነው። ቁጥሩ በ40 እና በ50 አካባቢ ከረጋ ደህና ነው፤ ዓይን እያየ ወደ 90 የሚሮጥ ከሆነ ወዲያው አጥፍቶ ላስቲኩንና የፓምፑን ገመድ መፈተሽ ይገባል። መጀመሪያ ላይ የሚሰማ የውሃ መንቦጫረቅ አየሩ ቦታውን እስኪይዝ ነው።

መብራት በድንገት ሲጠፋስ? ፓምፑም ሲፒዩውም እኩል ስለሚቆሙ ማቀዝቀዣውን የሚጎዳ ነገር የለም። ዩፒኤስ የሚያስፈልገው ለሥራው ፋይልና ለፓወር ሰፕላዩ ነው።

በደረቁ ወራት ለቡና ጀሞ ላይ የሚነሳው የግንባታ አቧራ ግን ለራዲያተር ዋነኛ ጠላት ነው። ቀጫጭን ክንፎቹ መሐል ገብቶ ስሱን አየር ጭራሽ ይከለክለዋል። የኬዙን የአቧራ ማጣሪያ በየወሩ ማራገፍ ይመከራል። ጎሚስታ ጋ ወስደው በኮምፕረሰር የሚያስነፉም አሉ። ያ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል፣ የታንኩን እርጥበትም ይረጫል፣ ፋኑንም ከአቅሙ በላይ ያሽከረክራል። የግድ ከሆነ ፋኑን በጣት ይዞ፣ ከራቅ ብሎ፣ ማሽኑ ተነቅሎ ነው።

ውሃ ያለ ክርክር የሚያሸንፍበት አንድ ቦታ ጉዞ ነው። ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 የተባለው የኦስትሪያ የአየር ማቀዝቀዣ ከነፋኖቹ 1.3 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ይህ ሁሉ ክብደት የሚንጠለጠለው ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ቤት የሚቀይር ወይም ማሽኑን በላዳ ጭኖ በኮብልስቶን መንገድ የሚያመላልስ ሰው፣ ከባዱ ራዲያተር በኬዙ ብረት ላይ የታሰረለትን የውሃ ማቀዝቀዣ ቢመርጥ ይሻለዋል። የአየሩን ከመረጠ ደግሞ ኬዙን ማዘርቦርዱ ወደ ታች እንዲሆን በጎኑ አስተኝቶ መጫን፣ ረጅም መንገድ ከሆነም ማቀዝቀዣውን ፈትቶ ለብቻው መያዝ አለበት።