የጅቡቲ መንገድ ሟቾችና ያልተነገረው መርዶ

መርዶ በእኛ ዘንድ ሥርዓት አለው። ጎህ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛው ከቤት ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎችና የቅርብ ወዳጆች ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ ራሱን እንዳይጎዳ ከጎኑ የሚቀመጠው ሰው ሳይቀር አስቀድሞ ይመረጣል። ማንም ብቻውን አይረዳም። ጅቡቲ ከተማ በሰው ቤት ለምትሠራ ልጅ የእናቷ ሞት ለወራት የሚደበቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስትደውል «ጠበል ሄደዋል» ትባላለች። ክፋት የለበትም፤ የሚያጽናናት ዘመድ አጠገቧ የለም። ዛሬ ግን ፌስቡክ ከሽማግሌ ይቀድማል፤ «ነፍስ ይማር» የተጻፈበትን የእናቷን ፎቶ ዕቃ እያጠበች ታየዋለች።

ሌላው ዝምታ ከዚህ ይብሳል። ከከተማዋ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ማዶ ያለው የኦቦክ ዳርቻ ወደ የመን የሚሻገሩም ከዚያ የሚመለሱም ኢትዮጵያውያን መተላለፊያ ነው። በጥር 2011 ዓ.ም. በዚያው ዳርቻ ጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 310 ሰዎች ጭነው ከየመን ከመጡ ሁለት ጀልባዎች ቢያንስ 45ቱ ሞቱ፤ ብዙዎች የደረሱበት ጠፋ። ባሕሩ የመለሰው አስከሬን እዚያው ይቀበራል። መታወቂያ ይዞ የሚሳፈር ጥቂት በመሆኑም የብዙዎች ስም አብሮ ይቀበራል።

ለቅሶ የሚቀመጡት ሞት ሲረጋገጥ ነው። ካልተረጋገጠ እድር ድንኳን አይተክልም፣ ቄሱ አይፈታም፤ እናትም ስልክ በጮኸ ቁጥር ትነሣለች። አብሮ ተሳፍሮ የተረፈው የሚያውቀው አለ፤ ግን «እኔ መርዶ ነጋሪ ልሁን?» ብሎ ዝም ይላል። ታዲያ ደላላው «ደርሷል፣ ስልክ ስለሌለው ነው» ቢል ማን ይሞግተዋል?

ሕጉ መላ አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 154፣ ሁለት ዓመት ወሬው ያልተሰማ ሰው መጥፋቱን ፍርድ ቤት እንዲወስን ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው መጠየቅ ይችላል ይላል። የትዳርና የንብረት ጉዳይ በዚህ ፈር ይይዛል። ልጇ የት፣ እንዴት እንደቀረ ግን እናቲቱን ዳኛ አይነግራትም።

የመርዶው ሥርዓት መሠረት ትክክል ነው ባይ ነኝ። ሥርዓቱ ጊዜና ሰው ይመርጣል እንጂ ሞትን ለዘለዓለም አይደብቅም። ስለዚህ ጅቡቲ ያላችሁ፣ ያያችሁትን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፤ ለራሳችሁም አታስቀሩት። ለሟቹ ቀበሌ ሽማግሌ፣ ለቄሱ ወይም ለሼኩ ደውላችሁ ቦታውንና ቀኑን ንገሩ። ማርዳቱን እነሱ ያውቁበታል።