የጤፍ አገዳና የሕዝብ ምግብ

ከእርሻ ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ገጠር የተላከ ወጣት ሠራተኛ ለጤፍ ገበሬ አስቀድሞ የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ማዳበሪያ ጨምር» የሚል ነው። ገበሬውም ራሱን ነቅንቆ ዝም ይላል። ዝምታው ካለማወቅ የመጣ የሚመስለው ሰው ግን ተሳስቷል። የጠገበ የጤፍ ማሳ ዛላ ካወጣ በኋላ ነፋስና ዝናብ ሲበረታበት እንደሚተኛ ከመካሪው ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ነውና። ይህ መተኛት መጋሸብ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጤፍ አገዳ ቀጭን ነው፤ ማዳበሪያ ሲያገኝ ይረዝማል፥ ዛላውም ይከብዳል፥ አገዳው ግን በዚያው ልክ አይጠነክርም። የጋሸበ ጤፍ ፍሬው በደንብ አይሞላም፤ ለአጨዳም ያስቸግራል። እንግዲህ ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ ሰብሉን መልሶ ጣለበት ማለት ነው።

ይኸው ችግር በስንዴም ላይ ነበረ። መድኃኒቱ የተገኘው ከሩቅ ምሥራቅ ነው፤ ጃፓኖች ኖሪን 10 የተባለ አጭር ስንዴ በ1935 አውጥተው ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዘሩ በ1946 ወደ አሜሪካ ተወሰደ፤ ቈይቶም በሜክሲኮ ይሠራ የነበረው ኖርማን ቦርሎግ ከዚሁ የተገኘውን ዘር ከሜክሲኮ ስንዴዎች ጋር አዳቀለው። አገዳው ያጠረው ስንዴ ማዳበሪያ ቢጠግብም ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ለአገዳ ይውል ከነበረውም ኃይል ብዙው ወደ ፍሬ ዞረ። ሕንድ በ1966 ከሜክሲኮ 18 ሺህ ቶን ዘር ገዛች። በ1965 12 ሚሊዮን ቶን ያህል የነበረው የስንዴ ምርቷም በ1970 ወደ 20 ሚሊዮን ቶን ደረሰ፤ ቦርሎግም በዚያው ዓመት የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበለ። እርግጥ ዘሩ ብቻውን አልሠራም፤ የመስኖ ውሃ፥ ማዳበሪያና መንግሥት ለገበሬው ያረጋገጠለት ዋጋ አብረውት ነበሩ።

ታዲያ በጤፍ ለምን እንዲሁ አልተደረገም? የአንዲት የስንዴ ፍሬ ክብደት የ150 የጤፍ ፍሬዎች ያህል ነው ሲባል ነገሩ ይገባል። ፍሬው እንዲህ ያነሰ ተክል አበባው ምን ያህል ሊሆን ነው! ያም አበባ ራሱን በራሱ ስለሚያዳብር ጤፍን ከጤፍ ማዳቀል የማይቻል ሆኖ ለረጅም ጊዜ ቈየ። በ1974 ግን የእርሻ ሊቁ ታረቀ በርሄ የአበባውን ምሥጢር ደረሱበት፤ አበባው የሚከፈተው ማለዳ ከ12 ሰዓት ከ45 እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ አዳቃዩ በአጉሊ መነጽር እያየ፥ በመርፌና በወረንጦ ሥራውን ይሠራል። ቢሮ በ2 ሰዓት የሚገባ ሊቅ ይህን አያገኘውም ነበር።

የዚህ ድካም ታዋቂ ፍሬ በደብረ ዘይት የተገኘውና በ2006 ለገበሬው የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው ጤፍ ነው። ወላጆቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ዱከም ምርቱ ብዙ ነው፥ ነገር ግን ንጣቱ ገበያውን አላረካም፤ ሁለተኛው ማኛ ነጭ ነው፥ ግን ምርቱ አነስተኛ ነው። ቁንጮ የአንዱን ምርትና የሌላውን ንጣት ስለያዘ ገበሬው ፈጥኖ ተቀበለው። ምርት ብቻ ሲመዝን የኖረ ተመራማሪ የጤፍ ነጋዴና እንጀራ ጋጋሪ ምን እንደሚሉ መጠየቅ ነበረበት።

ይሁን እንጂ የመጋሸብ ነገር ገና አላለቀም። በ2020/21 የመኸር ወቅት የኢትዮጵያ ስንዴ በሄክታር 30 ኩንታል ያህል ሲሰጥ፥ ጤፍ የሰጠው 19 ኩንታል ያህል ነው፤ ጤፍ የሚዘራበት መሬት ደግሞ ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር ይጠጋል። እንደ ስንዴው አገዳውን ማሳጠር ነው እንዳንል፥ የጤፍ ጭድ ለገበሬው ትርፍ ነገር አይደለም፤ በበጋ በሬውን የሚቀልብበት፥ ቤቱን ሲመርግም ጭቃውን የሚያጠነክርበት ነው። አገዳው ያጠረ ጤፍ ቢሰጡት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጭዱስ?» ብሎ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ማሳጠርን ብቻ ሳይሆን አገዳውን ማወፈርንም እየሞከሩ ነው።