አፈወርቅ ተክሌ፤ ሠዓሊ፣ ቀራፂና የመስታወት ጥበበኛ

አፈወርቅ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወልደው፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ቢላኩም፣ የሥዕል ዝንባሌያቸው አይሎ በለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕልን፣ ቅርፃ ቅርፅንና ሥነ ሕንፃን አጥንተዋል። የሙያቸው ብዛት ብዙዎችን ያስደንቃል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ዐቢይ ሥራዎቻቸው ሕንፃንና አደባባይን ለማስጌጥ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ብዝኃነቱ ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ነው። ይህም ለአገሩ እንግዳ አይደለም፤ በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እንደሚታየው፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከጥንት ጀምሮ ሥዕሉን የሚያስበው ከመቅደሱ ግድግዳ ጋር ነበርና።

በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የግድግዳ ሥዕሎችንና ሞዛይክ፣ ማለትም ጥቃቅን ባለቀለም ጠጠሮችንና የመስታወት ቁርጥራጮችን በመግጠም የሚሠራ ምስል፣ አበርክተዋል። በሐረር ያቆሙት የልዑል ራስ መኮንን የፈረሰኛ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2020 መፍረሱ ለአገሪቱ ቅርፃ ቅርፅ ከባድ ጉዳት ነው።

ከሁሉ የላቀው ሥራቸው ግን እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው፣ ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ በነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው፣ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ባለቀለም መስታወት ነው። በዚህ ጥበብ የተለመደው አሠራር፣ መስታወቱ ሲቀልጥ በብረታ ብረት ውህዶች ከቀለመ በኋላ በንድፉ ልክ ተቆርጦ፣ ቁርጥራጮቹ እርስ በርስ እንዲያያዙ ማድረግ ነው። የሸራ ሥዕል የሚታየው ብርሃን በላዩ አርፎ ሲመለስ ሲሆን፣ መስታወት ግን ብርሃኑን በውስጡ ስለሚያሳልፍ፣ ቀለሙ ከንጋት እስከ ምሽት ከፀሐይ ጋር ይለዋወጣል፤ ሠዓሊው ሊያዝበት የማይችለውን ይህን ለውጥ አስቀድሞ በሐሳቡ ማየት ይገባዋል። አፈወርቅ ይህን ከባድ ጥበብ የመረጡት የአህጉሪቱን ጉዞ ለመተረክ ሲሆን፣ ሦስቱ ክፍሎች ያለፈውን የባርነትና የቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ የነፃነት ትግሉንና የወደፊቱን ተስፋ ያሳያሉ፤ በመጨረሻው ክፍል ችቦ የያዘ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከፊት ይታያል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር እ.ኤ.አ. በግንቦት 1963 የተፈረመውም በዚሁ አዳራሽ ነው።