ስለ ጫጩት ጤናና ስለ ባሕር አረም

በመርጡለ ማርያምና በአካባቢዋ ዶሮ ማለት የቤት እመቤት የገንዘብ ሣጥን ማለት ናት። ለጨው፥ ለልጅ ደብተርና ለመድኃኒት የሚሆነው ገንዘብ የሚገኘው ከዕንቁላልዋ፥ ደግሞም ለገናና ለፋሲካ ገበያ ከሚወጣው አውራ ዶሮ ነው። ስለዚህ ጫጩት ባለቀ ጊዜ የሚራቆተው ጓዳ ነው። ጫጩት ለሕዝብ የሚያድሉ ሹማምንትም እናት የታቀፈቻትና መኪና የፈለፈላት ጫጩት በመልክ ቢመሳሰሉ እንኳ በአንጀታቸው እንደሚለያዩ ቢያውቁ መልካም ስለ ሆነ፥ ነገሩን በአጭሩ እንገልጻለን።

ጫጩት ከዕንቁላል ስትወጣ አንጀቷ ባዶ ቤት ይመስላል። ከእናቷ ጋር አፈር እየጫረች ስታድግ ግን፥ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ሕዋሳት ከእናቷ ወደ እርስዋ ገብተው ሥፍራውን ይይዙታል፤ እንደ ዘበኛም ይጠብቋታል። በመኪና የተፈለፈለችው ግን እናት ስለሌላት፥ ቤቱ ገና ባዶ ሳለ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ቀድሞ ይገባበታል። ከሳልሞኔላ ወገን አንዱ ጫጩትን በነጭ ተቅማጥ ይፈጃል፤ ሌላውም በዕንቁላልና በሥጋ ወደ ሰው ይተላለፋል።

ይህን በፊንላንድ አገር ኑርሚና ራንታላ የተባሉ ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. አስረዱ። ከጤነኛ ትልቅ ዶሮ አንጀት የወጣውን ለአዲስ ጫጩቶች ቢሰጧቸው፥ አብዛኞቹ ሳልሞኔላን ተቋቋሙ። ዳሩ ግን ማንም ሰው ይህን አይቶ ከመንደር ዶሮ ኩስ ወስዶ ለጫጩት አይስጥ፤ ለዚህ ሥራ የሚውለው ከበሽታ ንጹሕ መሆኑ በላቦራቶሪ የተመረመረ ብቻ ነውና።

የባሕር አረም የሚረዳውም እነዚህኑ ዘበኞች በመቀለብ ነው። ቡናማው የባሕር አረም ላሚናሪን የሚባል ነገር አለው፤ ዶሮ ራስዋ ልትፈጨው ስለማትችል ወደ ዕውር አንጀቷ ይወርዳል። በዚያም ደቂቅ ሕዋሳቱ አብላልተው ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል፥ ሳልሞኔላንም ያዳክማል። ነገር ግን ጨውና አዮዲን ስለሚበዛበት ከመኖ ጋር የሚቀላቀለው በጥቂቱ ነው። የአውሮፓ ማኅበር አገሮች ከጥር 1 ቀን 2006 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ አንቲባዮቲክን ለማሳደጊያ ከመኖ ጋር መቀላቀልን ከከለከሉ ወዲህ፥ ለዚህ ዓይነቱ ነገር የሚደረገው ምርመራ በዝቷል። የተከለከለበትም ምክንያት መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች ለሰውም ለእንስሳም እንዳይታከሙ ስለሚሆኑ ነው።

አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ከሩቅ የሚመጣውም ለመርጡለ ማርያም ባልቴት ኪስ አይሆንም። በእጅዋ ያለው የጠላ አተላ ነው፤ በእርሱ ውስጥ ያለው እርሾ በግድግዳው ላሚናሪንን የሚመስል ነገር ይዟል። ሆኖም መምሰል ያው መሆን አይደለምና፥ ሻጋታ የሌለበት አተላ ከእህል ጋር በጥቂቱ የሚሰጥ መኖ ነው እንጂ መድኃኒት ተብሎ ሊሰበክ አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ፈንግል ሊዘነጋ አይገባም። ፈንግል ቫይረስ ስለሆነ በአረምም በአተላም አይመለስም፤ ዋናው መከላከያው ክትባት ነው። በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የሚያዘጋጀው አይ‑2 የተባለው ክትባት ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀትን ስለሚችልና በዓይን ጠብታ ስለሚሰጥ፥ መንገዱ ለራቀ ቀበሌ የተመቸ ነው።

እንግዲህ ጫጩት የሚያድል ሹም አራት ነገር ይጠንቀቅ፤ ክትባቱ ክረምት ሳይገባ እንዲሰጥ፥ የጫጩቱ ቤትና የሚጠጣው ውሃ ንጹሕ እንዲሆን፥ አዲስ የመጣ ዶሮ ከነባሩ ለብቻው ተለይቶ እንዲቈይ፥ አንቲባዮቲክም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሰጥ። የታደለው ጫጩት ብዛት በመዝገብ ላይ ያምር ይሆናል፤ ለባልቴቷ ግን የሚቈጠርላት ለፋሲካ የደረሰው ብቻ ነው።