የአቃቂ ድምፅና የአሜሪካ ጆሮ

በ1935 ኢጣልያ አገራችንን የወረረችበት ታሪክ በመካከላችን በተነሣ ቍጥር ክርክሩ ሁለት ወገን ይይዛል። አንዱ «አሜሪካ ከዳችን» ይላል፤ ሌላው «የለም፥ አሜሪካኖች አልቅሰውልናል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። እኛ እንደሚመስለን ግን ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ አገር ሁለት ገጽታ ነው። ይህን ለመረዳት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የአሜሪካ ኑሮና ፖለቲካ እንዴት እንደ ተለወጠ መመርመር ያስፈልጋል። (ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ነገሩን ከቅርባችን፥ ከአቃቂ እንጀምር። አቃቂ ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ ቶሎ የሚመጣው ፋብሪካና ወደ ደብረ ዘይት የሚወስደው መንገድ ነው። በ1930ዎቹ ግን አቃቂ ኢትዮጵያ ለውጭው ዓለም የምትናገርበት አፍ ነበረ፤ የራዲዮ ጣቢያዋ የተተከለው እዚያ ነበርና። ጣቢያውን ለመሥራት የተዋዋለው አንሳልዶ የተባለ የኢጣልያ ኩባንያ ሲሆን፥ ጥቂት ቆይቶ ያው ጣቢያ የኢጣልያን ግፍ ለዓለም ለማሰማት አገለገለ። በ1935 ከአቃቂ የተላለፈው የንጉሠ ነገሥቱ ንግግር እስከ አሜሪካ ድረስ ተሰምቷል። እቴጌ መነንም በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በራዲዮ ለዓለም ሴቶች የሰላም ጥሪ አቅርበዋል። እንግዲህ ጥያቄው፥ በወዲያኛው ዳር ይህን ድምፅ የሰማው አሜሪካዊ ማን ነበር? ምንስ ለማድረግ ይችል ነበር? የሚል ነው።

በመጀመሪያ መስማት መቻሉ ራሱ አዲስ ነገር ነበር። በ1920 የተወሰነ ሰዓት ጠብቆ ለሕዝብ የሚያሰራጭ የራዲዮ ጣቢያ በፒትስበርግ ሲከፈት፥ ራዲዮ የጥቂት ሰዎች መጫወቻ ነበር። በ1930 በተደረገው ቈጠራ ግን ከመቶ አሜሪካዊ ቤተሰብ 40ው ራዲዮ ነበረው። በዚያው በ1920 የአሜሪካ ሴቶች በመላው አገር የመምረጥ መብት አገኙ፤ የከተማው ነዋሪም ለመጀመሪያ ጊዜ ከገጠሩ በቍጥር በለጠ። ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከተው የጥቁር አሜሪካውያን ፍልሰት ነው። ከመጀመሪያው ጦርነት ወዲህ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ጥቁሮች የደቡቡን የጥጥ እርሻና የዘር ጭቈና ትተው ወደ ቺካጎ፥ ወደ ዲትሮይትና ወደ ኒው ዮርክ ሄዱ። በደቡብ በግብርና በማንበብ ፈተና እየተሳበበ ከምርጫ ሣጥን ይባረሩ የነበሩት ሰዎች በሰሜን ድምፅ መስጠት፥ ጋዜጣ ማቋቋምና በአደባባይ መሰለፍ ቻሉ።

አገሪቱ በውስጥ እንዲህ ስትሰፋ በውጭ ግን በሯን እየዘጋች ሄደች። ፕሬዚዳንት ዊልሰን የመንግሥታት ማኅበር እንዲመሠረት ብዙ ደከሙ፤ የገዛ አገራቸው ሴኔት ግን የቬርሳይን ውል ሳያጸድቅ ስለ ቀረ አሜሪካ ማኅበሩ ውስጥ ሳትገባ ቀረች። በ1924 የወጣው ሕግ ደግሞ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጣውን ስደተኛ እጅግ ቀነሰ፤ የእስያን ሕዝብ ከሞላ ጎደል ፈጽሞ ከለከለ።

በጥቅምት 1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲወድቅ ይህ ወደ ውስጥ የመመልከት ጠባይ ይብሱን ጠነከረ። በ1933 ሩዝቬልት ሥልጣን ሲይዙ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ያህል ሥራ አጥ ነበር። አዲሱ መንግሥት የድኻው ኑሮ የመንግሥት ኀላፊነት ነው የሚለውን መርሕ አቆመ፤ በ1935 ብቻ ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ከአሠሪ ጋር እንዲደራደሩ የሚፈቅደውና ለሽማግሌዎችና ለሥራ አጦች መጦሪያ የሚሰጠው ሕግ ወጡ። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ቢሆንም የመጦሪያው ሕግ የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት አገልጋዮችን አልጨመረም፤ አብዛኞቹ ጥቁር ሠራተኞች ደግሞ በነዚህ ሥራዎች ላይ ነበሩ።

እንግዲህ የአቃቂ ድምፅ የደረሰው እዚህ መካከል ነው። በ1934 የሴኔት ኮሚቴ በመጀመሪያው ጦርነት የመሣሪያ ነጋዴዎች ያገኙትን ትርፍ መመርመር ጀምሮ ነበር፤ ሕዝቡም «ዳግመኛ በነጋዴ ትርፍ ምክንያት ልጆቻችን አይሞቱም» ይል ነበር። ስለዚህ በነሐሴ 31 ቀን 1935 የገለልተኛነት ሕግ ወጣ። ሕጉ ጦርነት ላይ ላሉ አገሮች ሁሉ፥ አጥቂና ተጠቂ ሳይለይ፥ መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከለ። ጥቅምት 3 ቀን ኢጣልያ ወሰናችንን ስትጥስ፥ ከሁለት ቀን በኋላ ሕጉ በሁለታችንም ላይ ተፈጻሚ ሆነ።

በወረቀት ላይ ሲነበብ ፍርዱ እኩል ይመስላል። ነገር ግን ኢጣልያ ጠመንጃዋን፥ ታንኳንና አውሮፕላኗን በገዛ ፋብሪካዋ ትሠራ ነበር፤ እኛ የመሣሪያ ፋብሪካ አልነበረንም። ኢጣልያ ከውጭ የምትፈልገው ነዳጅ ነበር፤ ነዳጅ ደግሞ በሕጉ ውስጥ አልተጠቀሰም። ሩዝቬልትና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ኸል ነጋዴዎች ከዚህ ንግድ እንዲታቀቡ ቢመክሩም፥ ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበረምና ወደ ኢጣልያና ወደ ቅኝ ግዛቶቿ የሚሄደው የአሜሪካ ነዳጅ እየጨመረ ሄደ። ከኢጣልያ የመጡ ዜጎች በብዙ ከተሞች ብርቱ መራጮች ነበሩ፤ 1936 ደግሞ የምርጫ ዓመት ነበር። የመንግሥታት ማኅበርም ቢሆን ነዳጅን ሳይከለክል እንደ ቀረ መዘንጋት አይገባም።

ታዲያ የሰማ አልነበረም ወይ? ነበረ። በሐርለም በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ ተሰለፉ፤ ብዙዎች መጥተው ለመዝመት ቢጠይቁም፥ በአሜሪካ ምድር ለባዕድ ጦር መመዝገብን የሚከለክል ሕግ አገዳቸው። ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ግን እዚህ ደርሶ አነስተኛውን የአየር ኀይላችንን መርቷል። በ1937ም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። መላኩ ድጋፍ የፈለጉት በዋሽንግተን ደጅ በመጽናት ብቻ ሳይሆን፥ ከደቡብ ተሰደው በመጡት በእነዚያ ጥቁሮች መካከል ነበር። ጊዜው የሠራውን አዲስ አሜሪካዊ አውቀውታልና።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የሰሙን ሰዎች ሥልጣን እንዳልነበራቸው፥ ሥልጣን የነበራቸውም በጊዜው በገዛ ቤታቸው ጣጣ ተይዘው እንደ ነበረ ነው። ፍትሕ ለማድረግ ሲባል ግን አንድ ነገር መጨመር አለብን፤ የአሜሪካ መንግሥት ኢጣልያ አገራችንን መያዟን እንደ ሕጋዊ ግዛት አልተቀበለም። የገለልተኛነቱም ሕግ ራሱ አልጸናም፤ በ1939 ጦርነቱ አውሮፓን ሲያነድ የመሣሪያው ክልከላ ተነሣ፥ በመጋቢት 1941ም አሜሪካ ለተጠቁት አገሮች መሣሪያ በብድር እስከ መስጠት ደረሰች። በ1935 ለእኛ ያልታየው ልዩነት፥ የአጥቂና የተጠቂ ልዩነት ማለት ነው፥ ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ታየ።

ስለዚህ «ከዳችን» ወይም «አለቀሰችልን» በሚለው ከመከራከር ይልቅ፥ አንድ ሕግ «ለሁሉም እኩል ነው» በተባለ ጊዜ ፋብሪካ ባለውና በሌለው ላይ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ የሚሻል ይመስለናል። ይህ አሳብ የማይዋጥለት ጓደኛ ቢኖር ብዕሩን ያንሣ፤ ለሚቀጥለው እትም መልሱን በደስታ እንጠብቃለን።